ጠዋት የማይነሳው ሞተር፦ አራት ማብራሪያዎችና አንድ የተረሳ

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾ ወይም በሾኔ ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው ሁሉ ለአንድ ጥያቄ የየራሱ መልስ አለው። ማታ ደህና ሠርቶ የገባ ሞተር ጠዋት ለምን አልነሳም ይላል? አንዱ «ብርዱ ነው» ይላል። ሌላው «ካርቡራተሩ ቆሽሿል፤ ይፈታና ይታጠብ» ይላል። ሦስተኛው ነዳጅ የሸጠለትን ሰው ይረግማል። አራተኛው «አርጅቷል፤ ሽጠህ ተገላገል» ብሎ ነገሩን ይቋጫል። አራቱም ከመሬት ተነስተው አይናገሩም፤ እያንዳንዱ መልስ ለሆነ ሞተር ልክ ነው። ጣጣው የሚመጣው አንዱን መልስ ለሁሉም ሞተር ሲያድሉት ነው።

ጉዳዩ ተራ ወሬ አይደለም። በሐዲያና በከምባታ ከተሞች ዙሪያ ከዋናው መንገድ ወጣ ያለውን ቀበሌ ከገበያ፣ ከጤና ጣቢያና ከትምህርት ቤት የሚያገናኘው ሞተር ነው። ቦክሰርና ቲ.ቪ.ኤስ. ሰው ያመላልሳሉ፤ የቻይናዎቹ እነ ሊፋን እህልና ዕቃ ይጭናሉ፤ በግብርና ጽሕፈት ቤትና በበጎ አድራጎት ድርጅት ግቢ ደግሞ ዕድሜ ጠገቦቹ የያማሃ ኤ.ጂ. እና ዲ.ቲ. ሞተሮች ዛሬም አይጠፉም። ብዙዎቹን አንድ የሚያደርጋቸው ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚያዋህደው ካርቡራተር ነው። ለሰው ጫኝ ሞተረኛ ጠዋት ዋና ገበያው ነው። ያን ሰዓት ኪክ ሲረግጥ ያሳለፈ ሰው ቀኑን ሙሉ አያካክሰውም።

የዚህ ዳሰሳ ድምዳሜ ከወዲሁ ቢነገር ይሻላል። በዚህ አካባቢ ከፍታ ላይ ብርድ ራሱ በሽታ አይሆንም፤ ቀን ቀን ተደብቆ የኖረን በሽታ አደባባይ ያወጣል። ካርቡራተር ደግሞ፣ በአብዛኛው ጋራዥ እንደሚደረገው መጀመሪያ ሳይሆን፣ ሌላው ሁሉ ታይቶ ሲያበቃ የሚፈታ ዕቃ ነው።

ብርዱና ከፍታው

ቤንዚን አንድ ወጥ ፈሳሽ አይደለም። ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሮ እስከ 200 ዲግሪ ድረስ በተለያየ ሙቀት የሚተኑ ክፍሎች ድብልቅ ነው። ሲሊንደር ውስጥ የሚቃጠለው ፈሳሹ ሳይሆን ትነቱ ነው። ሞተሩ ሲግል ከሞላ ጎደል ሁሉም ይተናል። ጠዋት ግን የሚተነው ቀላሉ ክፍል ብቻ ነው፤ የተረፈው በመግቢያው ጎሚኒና በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ጠብታ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ለሞቀ ሞተር ተስማሚ የሚባለው ምጣኔ፣ ማለትም ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር፣ ለቀዘቀዘ ሞተር አይበቃም። ከተጨመረው ቤንዚን ውስጥ የሚተነው ጥቂት በመሆኑ ብዙ መጨመር ግድ ይላል። ቾክ የተሠራው ለዚህ ነው።

እስከዚህ ድረስ «ብርዱ ነው» ባዩ ትክክል ነው። ጥያቄው ብርዱ ምን ያህል ነው የሚለው ነው። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ዱራሜ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ። በበጋ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት፣ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድባቸው ቀናት አሉ። ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሚቆመው ወደ አምበርቾ ተራራ በተጠጋ ቁጥር፣ በአንጋጫና በዶዮገና ደጋ ደግሞ ይበረታል። ለሰው ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ ነው፤ ለሞተር ግን ብርድ አይባልም። ካርቡራተር ያላቸው ሞተሮች ውሃ በሚረጋባቸው አገሮች፣ ዜሮ ዲግሪ ላይ፣ በቾክና በጥቂት ኪክ ሲነሱ ኖረዋል። 8 ወይም 9 ዲግሪ ላይ እምቢ የሚል ሞተር እምቢታው ከሌላ ቦታ መጥቶ ነው።

በዚህ አካባቢ ከብርዱ ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው የአየሩ መሳሳት ነው። 2,200 ሜትር ላይ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ካርቡራተር አየሩ ምን ያህል እንደሚመዝን አያውቅም፤ በጉሮሮው ሲያልፍ በሚፈጥረው መሳብ ልክ ቤንዚን ይለቅለታል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑም ትንሽ ይቀንሳል፣ ነገር ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ውጤቱ፣ ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ ከፋብሪካ የወጣ ካርቡራተር ሆሳዕና ሲደርስ ማንም ሳይነካው ከ10 በመቶ በላይ ነዳጅ ያበዛል። አንዳንድ የጃፓን አምራቾች ሁልጊዜ ከ1,500 ወይም ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚሠራ ሞተር አነስ ያለ ጄት (የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ) እንዲገጠም የሚያዙት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ነጥብ የምርመራውን አቅጣጫ ይቀይራል። በቆላና በባሕር ዳርቻ አገር ጠዋት ያልነሳ ሞተር ብዙ ጊዜ የተራበ ነው። በሆሳዕና ከፍታ ግን ነዳጅ የበዛበት፣ ካንዴላው የራሰ ሞተር የመገኘቱ ዕድል ይጨምራል። እንዲህ ላለው ሞተር ቾክ መጎተትና ነዳጅ መስጠት የጠገበን እንግዳ ደግሞ እንደ ማጉረስ ነው። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጊቤ ሸለቆ የሚወርዱ ሞተረኞች «ቆላ ስወርድ ይስማማዋል» የሚሉትም ተረት አይደለም፤ አየሩ ሲወፍር ድብልቁ ወደ ልኩ ይመለሳል።

ቾክ በትክክል ሲያዝ

ሁለት ዓይነት ቾክ አለ፤ አንዱን እንደ ሌላው መያዝ የጠዋቱ ችግር ግማሽ ምንጭ ነው። የመጀመሪያው የካርቡራተሩን አፍ የሚዘጋ ክብ ቆርቆሮ ነው። በብዙዎቹ የቻይና ሞተሮች ላይ ከካርቡራተሩ ጎን ባለች ትንሽ ማንሻ ይሠራል፤ አየሩን ይቀንሳል፣ ቤንዚኑን ያስበልጣል። ሁለተኛው አየሩን አይነካም። አንድ ትንሽ ዘንግ ሲሳብ ለብቻው የተሠራ የቤንዚን መንገድ ይከፍታል። ይህኛው የሚሠራው የነዳጅ እጀታው ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ከሞተሩ በኩል ጠንካራ መሳብ ሲኖር ብቻ ነው። እጀታው ከተጠመዘዘ መሳቡ ይላላል፤ ቾኩም ተጎትቶ እንዳልተጎተተ ይሆናል። ኪክ በረገጡ ቁጥር ነዳጅ መስጠት የለመደ እጅ ይህን ዓይነት ቾክ በገዛ ራሱ ያጠፋዋል።

ስለዚህ «ብርዱ ነው» ከማለት በፊት መደረግ ያለበት ሙከራ ቀላል ነው። የነዳጅ መክፈቻው ይከፈት፣ ቾኩ እስከ መጨረሻው ይሳብ፣ እጀታው ሳይነካ ኪክ ይረገጥ። ከተነሳ ግማሽ ወይም አንድ ደቂቃ ይቆይና ቾኩ በዝግታ ይመለስ። አምስት ስድስት ኪክ ተረግጦ ካልተነሳና ከማርሚታው የቤንዚን ሽታ ከመጣ ሞተሩ ሰምጧል። ያኔ ቾኩ ይዘጋ፣ የነዳጅ መክፈቻው ይዘጋ፣ እጀታው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ደጋግሞ ይረገጥ፤ የገባው አየር ትርፉን ቤንዚን ያወጣዋል። በዚህ መንገድ የተነሳ ሞተር ስለ ራሱ ተናግሯል፦ ነዳጅ አላጣም፣ በዝቶበታል።

ካርቡራተሩ መቼ ነው ጥፋተኛው?

ሁለተኛው ማብራሪያ የጋራዦች ተወዳጅ ነው። ካርቡራተር በካቻቢቴና በፒንሳ ይፈታል፣ በቤንዚን ይታጠባል፣ በአየር ይነፋል፣ ይገጠማል። ባለ ሞተሩም ሥራ ሲሠራ ስላየ ሳያንገራግር ይከፍላል። አንዳንዴም ሞተሩ ይነሳል። ለምን እንደተነሳ ግን በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም፤ ምናልባት ካርቡራተሩ ሲታጠብ ካንዴላው ስለደረቀ ይሆናል።

ጥፋተኛ ሲሆን ግን በግልጽ ምልክት ነው የሚናገረው። ለጠዋት መነሳትና ለሚኒሞ ኃላፊው ፓይለት ጄት የሚባለው ትንሽ የነሐስ ቱቦ ነው። በእጅ ይዞ ወደ ብርሃን አንስቶ ማየት ይበቃል። ቁጥሩ 38 የሆነ ጄት ቀዳዳው 0.38 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የልብስ መርፌ አያሳልፍም። ንጹሕ ከሆነ ብርሃኑ ክብ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ሞተሩ ለበዓል ወይም በነዳጅ እጦት ለሳምንታት ከቆመ፣ በካርቡራተሩ ኩባያ የቀረው ቤንዚን ቀላሉ ክፍል በኖ ያልቅና የቀረው ቢጫ ሙጫ ሆኖ ያን ነጥብ ይደፍነዋል። የተለመደው መፍትሔ ከፍሬን ገመድ አንድ ዘለላ ሽቦ መዝዞ መውጋት ነው። ቀዳዳው ይከፈታል፤ ነሐሱ ግን ለስላሳ ስለሆነ ይፋፋል። በዚያው ከፍታ ላይ ቀድሞውንም ነዳጅ ያበዛ የነበረው ካርቡራተር ከዚያ በኋላ ይበልጥ ያበዛል። በማጽጃ ፈሳሽ ማሳደርና በአየር መንፋት ይሻላል።

ምልክቶቹ ሦስት ናቸው። ቾክ ሲሳብ የሚሠራ፣ ሲመለስ የሚጠፋ ሞተር ነዳጅ ያነሰው ነው፤ ወይ ፓይለት ጄቱ ተደፍኗል፣ ወይ በካርቡራተሩና በሞተሩ መካከል ያለው ጎሚኒ ተሰንጥቆ አየር ያስገባል። ቾክ ሳይነካ የሚሻለው፣ በቾክ የሚብሰው ሞተር ነዳጅ በዝቶበታል። ማታ የነዳጅ መክፈቻው ሳይዘጋ ያደረ፣ ጠዋት ሥሩ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ሞተር ደግሞ ተንሳፋፊው የሚዘጋት መርፌ አልገጥም ብላዋለች። ይህ ሦስተኛው በቸልታ አይታለፍም፤ ሌሊቱን የፈሰሰው ቤንዚን ወደ ሲሊንደርና ከዚያም ወደ ሞተር ዘይት ይወርዳል። የዘይት መለኪያው ከትናንቱ ከፍ ካለና ዘይቱ ከቀጠነ መጀመሪያ ዘይቱ ይቀየር፣ ከዚያ ኪክ ይረገጥ።

የማስተካከያ ብሎኗም ብዙ ሰው ያሳስታል። ብሎኗ በአየር ማጣሪያው በኩል ከሆነች የምትቆጣጠረው አየር ነው፤ ወደ ውስጥ ስትጠብቅ ነዳጁ ይበዛል። በሞተሩ በኩል ከሆነች ግን የምትቆጣጠረው ድብልቁን ነው፤ ስትጠብቅ ነዳጁ ያንሳል። ከቦክሰር ላይ የተማረ እጅ ሌላ ሞተር ላይ ያንኑ ቢደግም በተቃራኒው ሊያዞራት ይችላል። ከመነካቷ በፊት እስከ መጨረሻው በቀስታ ጠብቃ ስንት ዙር እንደነበረች መቁጠርና መጻፍ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

ነዳጁ

ሦስተኛው ማብራሪያ ከሌሎቹ ይልቅ በማስረጃ የሚረጋገጥ ነው። ማደያ ላይ ሰልፉ ሲረዝም ወይም ቤንዚን ሲጠፋ ሞተረኛው ወደ መንገድ ዳር ሃይላንድ ይሄዳል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅ ሕገ ወጥ የነዳጅ ንግድን በእስራትና በገንዘብ የሚቀጣ ቢሆንም፣ ፍላጎቱ እስካለ ጠርሙሱ ከመንገድ አልጠፋም። የሞተሩ ጉዳይ ግን ከሕጉ ጋር ሳይሆን ጠርሙሱ ውስጥ ካለው ነገር ጋር ነው።

እዚያ ሦስት ነገሮች ሊኖሩ ይችላሉ። አንደኛው ያረጀ ቤንዚን ነው። በላስቲክ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ የዋለ ቤንዚን መጀመሪያ የሚያጣው ቀላሉን፣ በቀላሉ የሚተነውን ክፍል ነው፤ ለጠዋት መነሳት የሚያስፈልገውም ያው ነው። ቀን በሞቀ ሞተር ያው ቤንዚን ምንም እንዳልሆነ ይሠራል። ሁለተኛው ላምባ ነው። ላምባ የሚተነው ከ150 እስከ 300 ዲግሪ ባለው ሙቀት ስለሆነ፣ የተቀላቀለበት ቤንዚን ቀዝቃዛ ሲሊንደር ውስጥ በደንብ አይቃጠልም፤ ከሞቀ በኋላ ግን ጭስ እያወጣና እያንኳኳም ቢሆን ይሄዳል። «ማታ ደህና ነበር» የሚያሰኘው ይህ ነው። ሦስተኛው ውሃ ነው። ግማሹ ባዶ በሆነ ሰልባትዮ ውስጥ የቀን ሙቀትና የሌሊት ብርድ ሲፈራረቁ እርጥበቱ ግድግዳው ላይ ይረጋል፤ ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ይሰበሰባል፤ ጠዋት መጀመሪያ ወደ ካርቡራተሩ የሚወርደውም እሱ ነው።

ሦስቱንም ለመለየት ጋራዥ አያስፈልግም። ከካርቡራተሩ ኩባያ ሥር ትንሽ ማፍሰሻ ብሎን አለች። ጠዋት፣ ኪክ ሳይረገጥ፣ በንጹሕ ብርጭቆ ሥር ከፍቶ ትንሽ ማፍሰስ ነው። ውሃ ካለ ከታች ኳስ ኳስ ሆኖ ይንከባለላል፤ ቤንዚኑ ከላይ ይንሳፈፋል። ከዚያ አንድ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ይደረግ። ንጹሕ ቤንዚን በጥቂት ደቂቃ ጠፍቶ ወረቀቱን እንደነበረ ይተወዋል። ላምባ ያለበት የቅባት ዓይነት ክብ ጥላ ይተዋል። አንድ ብርጭቆና አንድ ቁራጭ ወረቀት ከካርቡራተር እጥበት በፊት የሚቀድሙት በዚህ ምክንያት ነው፤ የተበላሸ ነዳጅ ያለበትን ካርቡራተር አጥቦ ያንኑ ነዳጅ መመለስ ሥራው ነገ እንዲደገም ማድረግ ነው።

ያረጀ ሞተር፣ ወይስ ያልተስተካከለ ቫልቭ?

አራተኛው ማብራሪያ ብዙ ጊዜ ከሦስቱ ተስፋ ከተቆረጠ በኋላ የሚመጣ ነው። ኮምፕሬሽን የደከመ ሞተር ጠዋት አይነሳም፤ ይህ እውነት ነው። ኪክ ሲረገጥ ሞተሩ ቀስ ብሎ ስለሚዞር የታመቀው ድብልቅ ለመሾለክ ጊዜ ያገኛል። ከተነሳ በኋላ ግን በደቂቃ ከሺህ ዙር በላይ ስለሚዞር መሾለኩ አይታወቅም። በኪክ አልነሳም ያለው ሞተር ቁልቁለት ላይ ማርሽ ገብቶ ተገፍቶ የሚነሳውም ስለዚህ ነው። በእነዚህ ኮረብታማ ከተሞች ማታ ሞተርን ቁልቁለት ፈልጎ ማቆም የተለመደ ዘዴ ነው፤ ዘዴው ግን በሽታውን ለወራት ይሸፍነዋል።

ኮምፕሬሽን የሚሾልከው በሁለት በር ነው። አንደኛው ያለቀ ፋሻ ነው፤ ይህ በእውነት እርጅና ነው። ሁለተኛው ያልተስተካከለ ቫልቭ ነው፤ ይህ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ቫልቩ መቀመጫውን ቀስ በቀስ ሲበላ ክፍተቱ ይጠባል፣ በመጨረሻም ቫልቩ ጨርሶ አይዘጋም። በሆንዳ ሲ.ጂ.125 ላይ የተመሠረቱትና እዚህ በብዛት ያሉት የቻይና ሞተሮች ቀዝቅዘው ሲለኩ ለሁለቱም ቫልቭ የሚታዘዘው ክፍተት 0.08 ሚሊሜትር ነው። ይህ በጆሮ የሚገመት መጠን አይደለም፤ ፊለር ጌጅ ይፈልጋል። «ትንሽ ድምፅ ይኑረው» የሚለው የጆሮ ልክ ቫልቩ ሲላላ ያሰማል፤ ሲጠብቅ ግን ጸጥ ይላል፤ ጉዳት የሚያደርሰውም ያ ጸጥታ ነው።

ሁለቱን በሮች ለመለየት የቆየ ብልሃት አለ። ካንዴላው ይፈታና በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ይፈስሳል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ተረግጦ ኮምፕሬሽኑ እንደገና ይለካል። ከጨመረ ዘይቱ የፋሻውን ክፍተት ሸፍኗል፣ ጥፋቱ የፋሻው ነው። ካልጨመረ ቫልቭ ይታይ።

ለዚህ አካባቢ የተለየ ማስጠንቀቂያም አለ። የኮምፕሬሽን መለኪያ ያላቸው ጋራዦች ከመመሪያ መጽሐፍ ጋር ሲያነጻጽሩ ከፍታውን ካልቆጠሩ ጤነኛውን ሞተር አርጅቷል ይላሉ። በ2,200 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ከ80 በመቶ በታች ነው። መጽሐፉ 12 ባር ያለው ሞተር ሆሳዕና ውስጥ ወደ 9 ባር ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ስንቱ ሞተር ፋሻ ሳያስፈልገው ፋሻ እንደተቀየረለት መገመት ይቻላል።

የተረሳው፦ የእሳቱ መንገድ

ከአራቱ ማብራሪያዎች ውስጥ አንዱም ስለ ኤሌክትሪክ አያነሳም። «ካንዴላ ቀይር» የሚል ምክር አለ፣ ግን ካንዴላ ከመቀየሩ በፊት መነበብ ያለበት ነገር ነው። ካልነሳው ሞተር ወዲያው ተፈትቶ የወጣ ካንዴላ ሁሉንም ጥያቄ በአንድ ጊዜ ይመልሳል። እርጥብ ሆኖ ቤንዚን ከሸተተ ነዳጅ ደርሷል፤ የጎደለው እሳት ነው፣ ወይም ነዳጁ በዝቷል። ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰም፤ መክፈቻው፣ ማጣሪያው ወይም ፓይለት ጄቱ ይታይ። ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ድብልቁ ለብዙ ጊዜ በዝቶ ነው የቆየው፤ በዚህ ከፍታ የሚጠበቅ ነው፤ የተደፈነ የአየር ማጣሪያም ያብሰዋል። ጥቁርና ቅባታማ ከሆነ ዘይት እየገባ ነው። ገርጣ ያለ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ደህና ነው፤ ሌላ ቦታ ይፈለግ።

እሳቱን ለማየት ካንዴላው በመያዣው ውስጥ ሆኖ ብረቱ ከሞተሩ አካል ጋር ይነካካል፤ ከካንዴላው ቀዳዳ ግን ይራቅ፣ ከዚያ የሚወጣው ትነት ሊነድ ይችላልና። ኪክ ሲረገጥ ሰማያዊና የሚጮህ ብልጭታ ጤና ነው፤ ቀይ፣ ቀጭንና ዝም ያለ ብልጭታ ቦቢናን፣ የካንዴላ ኮፍያን ወይም እርጥበትን ያመለክታል። በክረምት፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ከቤት ውጭ ያደረ ሞተር የካንዴላ ኮፍያ ውስጥ ጠል ይዞ ያድራል፤ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ብቻ ያስነሳዋል። ክፍተቱም ይለካ፦ ለአብዛኞቹ አነስተኛ ሞተሮች ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ነው። ጥላሸት የሚያስቸግራቸው ደግሞ አንድ ደረጃ ሞቅ ያለ ካንዴላ ሊረዳቸው ይችላል፤ በኤን.ጂ.ኬ. አቆጣጠር ቁጥሩ ሲያንስ ካንዴላው ይሞቃል፤ ግን ይህ ድብልቁ ከተስተካከለ በኋላ የሚታሰብ ነው።

ባትሪውስ? የአሲድ ባትሪ በብርድ ጉልበቱ ይቀንሳል። ሳይነካ 12.6 ቮልት ያሳየ ሙሉ ነው፤ ሞተሪኖው ሲጫን ከ10 ቮልት በታች የሚወርድ ደክሟል። ብዙዎቹ ኪክ ያላቸው ሞተሮች እሳታቸውን የሚያገኙት በቀጥታ ከማግኔቱ ስለሆነ ባትሪ ባይኖርም በኪክ ይነሳሉ። እሳታቸው ከባትሪ የሚመጣ ሞተሮች ግን ባትሪው ሲደክም በኪክም አይነሱም። የራስን ሞተር ዓይነት ማወቅ ብዙ ኪክ ያተርፋል።

ቅደም ተከተሉ

እነዚህን ማብራሪያዎች አንድ ላይ ሲያዩአቸው የሚጣረሱ አይደሉም። የሚለያዩት መቼ መጠየቅ እንዳለባቸው ነው። ርካሹና የማያበላሸው ሙከራ ይቀድማል፤ ውዱና የሚያበላሸው ይከተላል። ሙያውን የሚያውቅ ባለ ጋራዥ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ይጠይቃል።

«ጋሼ፣ ጠዋት አልነሳም አለኝ።»

«ትናንት ቤንዚኑን ከየት ቀዳህ? ማታ መክፈቻውን ዘግተኸዋል? ቾክ ስትስብ ነዳጅ ትሰጣለህ? ገፍተህ ስታስነሳውስ ይነሳል? ከሰዓት በኋላ ቆሞ ቀዝቅዞ ሲነሳስ እንዴት ነው?»

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። ከሰዓት በኋላም እንደ ጠዋቱ የሚያስቸግር ሞተር ከብርድ ጋር ጉዳይ የለውም፤ ባትሪው፣ እሳቱ ወይም ኮምፕሬሽኑ ደክሟል። ጠዋት ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ቾክ፣ ነዳጅና ፓይለት ጄት ዋና ተጠርጣሪዎች ናቸው። በመግፋት የሚነሳ ከሆነ ቫልቭ ይለካ። ከጥያቄው ቀጥሎ ካንዴላው ወጥቶ ይነበብ፤ ከኩባያው ወደ ብርጭቆ ነዳጅ ይፍሰስ፤ እሳቱ ይታይ፤ ቫልቩ በፊለር ጌጅ ይለካ፤ ጎሚኒው ስንጥቅ እንዳለው ይዳሰስ። ካርቡራተሩ የሚፈታው እነዚህ ሁሉ ንጹሕ ከሆኑ ወይም ካንዴላው ደረቅ ሆኖ ወደ ፓይለት ጄት ካመለከተ ነው።

የጎደለው

ዓለም ካርቡራተርን እየተሰናበተው ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ያጸናችው የጭስ ደረጃ በአገሯ የሚሸጡ አዳዲስ ሞተሮችን ወደ ነዳጅ መርጫ ሥርዓት ገፍቷቸዋል፤ ለአፍሪካ የሚላኩት ግን በአብዛኛው በካርቡራተር ቀጥለዋል። በሐዲያና በከምባታ መንገዶች ላይ ያሉት ሞተሮች ለብዙ ዓመታት ገና ካርቡራተር ይዘው ይነሳሉ፣ ወይም አልነሳም ይላሉ።

ስለዚህ የሚጎድለው አዲስ ማሽን አይደለም። መለዋወጫ ሻጮች ሙሉ ካርቡራተር በቀላሉ ያቀርባሉ፤ አነስ ያለ ጄት ለብቻው ማግኘት ግን ይከብዳል፤ ለዚህ ከፍታ የሚያስፈልገው ደግሞ እሱ ነው። ፊለር ጌጅ ርካሽ መሣሪያ ሆኖ ሳለ በብዙ የመንገድ ዳር ጋራዥ የመሣሪያ ሳጥን ውስጥ የለም። ሆሳዕናና ዱራሜ ላይ ካምፓስ ያለው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዲሁም የአካባቢው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች፣ ለሆሳዕና፣ ለዱራሜ፣ ለዶዮገናና ለጊቤ ሸለቆ የየከፍታውን የኮምፕሬሽን ልክና የጄት ቁጥር በአንድ ገጽ ቢያዘጋጁ፣ ብዙ ፋሻና ብዙ ካርቡራተር ይተርፋል። ሥራው ሳይንሳዊ ግኝት አይጠይቅም፤ መለካትና መጻፍ ይጠይቃል።

ያ ገጽ እስኪመጣ ባለ ሞተሩም ድርሻ አለው። ማታ የነዳጅ መክፈቻውን መዝጋት፣ ሰልባትዮውን ባዶ አለማሳደር፣ ቾክ ሲስብ እጁን ከነዳጅ እጀታው ማንሳት ብር አያስወጣም። ጋራዡ ገና ሞተሩን እንዳየ ካቻቢቴ ይዞ ወደ ካርቡራተሩ ሲያጎነብስ ደግሞ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ካንዴላውን አብረን እንየው» ማለት መብቱ ነው። ይህን ጥያቄ የማይወድ ጋራዥ ካለ፣ ሞተሩን ወደሚወደው ጋራዥ መግፋት ከካርቡራተር እጥበት ይረክሳል።